ለጥብቅና ሥራ የትኛው ኤአይ ይሻላል? ከመክፈላችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ልደታ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ መዝገባችን እስኪጠራ ቆመን ነበር። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ «ለዚህ ኤአይ ለሚሉት ነገር በወር 20 ዶላር ልክፈል ወይስ ነጻው ይበቃኛል?» አለ። አጠገባችን የነበረች ጠበቃ «ለሕግ ሥራ ብቻ የተሠራ አለ አሉ፤ ለምን እሱን አትፈልግም?» አለችው። ሦስተኛው ሳቅ አለ። «እኔ ቢሮ ያለችው ጀማሪ ልጅ ከሁሉም ትበልጣለች።»

መዝገቡ ተጠራና ወሬያችን ተቋረጠ። ጥያቄው ግን አልቆመም፤ በየሳምንቱ አንድ ሰው ይጠይቀኛል። እኔም አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የማንንም ዕቃ አልሸጥም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጣለን፤ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንመዝናለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የጠበቃ ቀን አንድ ሥራ አይደለም። ደንበኛ ታነጋግራላችሁ፣ ሰነድ ታነባላችሁ፣ ሕግ ትፈልጋላችሁ፣ ክስ ወይም መልስ ትጽፋላችሁ፣ ውል ትመረምራላችሁ፣ ትተረጉማላችሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) በእነዚህ ሁሉ ላይ እኩል አይጎብዝም። 80 ገጽ ሰነድ ማሳጠር ላይ አሪፍ ነው። የእንግሊዝኛ ውል ማርቀቅ ላይም እንዲሁ። የኢትዮጵያን ሕግ ከራሱ አውጥቶ መንገር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጉድ ይሠራል። ግዢውን የሚወስነው ከእነዚህ ሥራዎች የትኛው የእናንተን ጊዜ እንደሚበላ ነው።

## መመዘኛዎቹ

### ሰነዱ የት ይሄዳል?

የደንበኛን ሰነድ ቻት ላይ ስትለጥፉ ሰነዱ ከእናንተ ኮምፒውተር ወጥቶ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ያርፋል። ይህ ለተማሪ ምንም አይደለም። ለጠበቃ ግን ነገር አለው። የሙያ ምስጢርን ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስቀጣል፤ ጠበቃና የሕግ አማካሪም ከሚመለከታቸው ውስጥ ናቸው። በዚህ ላይ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ የግል መረጃን ከአገር ስለማስወጣት የራሱ ድንጋጌዎች አሉት። ደንበኛችሁ የሰጣችሁ የሕክምና ማስረጃ ወይም የባንክ መግለጫ እንግዲህ ዝም ብሎ የሚለጠፍ ወረቀት አይደለም።

ማንኛውንም አገልግሎት ሦስት ነገር ጠይቁት። ያስገባሁትን ለማሠልጠኛ ትጠቀምበታለህ? የድርጅትህ ሠራተኛ ሊያየው ይችላል? ስሰርዘው በእርግጥ ይሰረዛል? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 2025 አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ የተጠቃሚዎችን ውይይት፣ የሰረዙትን ጭምር፣ እንዲያቆይ አዞ ነበር። ክርክሩ ከአንድ ጋዜጣ ጋር የነበረ የቅጂ መብት ጉዳይ ነው። ትእዛዙ በኋላ ተነሥቷል። ቢሆንም «ሰርዣለሁ» ብሎ የተኛ ጠበቃ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረውም።

### ሕጉን ከየት ያመጣዋል?

ኤአይ ማለት ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ የሚጽፍ ማሽን ነው። መዝገብ ቤት ሄዶ አይገለብጥም። የሰበር (የመሠረታዊ ሕግ ስሕተትን የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት) መዝገብ ቁጥር ስትጠይቁት የሰበር መዝገብ ቁጥር *የሚመስል* ነገር ይሰጣችኋል።

የኒውዮርኩን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አንድ መንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ የምግብ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ብሎ አቪያንካ የተባለውን አየር መንገድ ከሰሰ። ጠበቆቹ ከቻትጂፒቲ የወሰዷቸውን ስድስት የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው አቤቱታ አቀረቡ። አንደኛው ጠበቃ ተጠራጥሮ ማሽኑን ራሱን «ይህ ፍርድ እውነተኛ ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ማሽኑም «አዎ» አለው። ጁን 2023 ላይ ዳኛው 5 ሺህ ዶላር ቀጡ። ሌባን ሰረቅህ ወይ ብሎ መጠየቅ ማለት ይሄ ነው።

ለእኛ ችግሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ማሽኑ የተማረበት የኢትዮጵያ ሕግ ጥቂት ነው። አንዱን ነጻ አገልግሎት «በኢትዮጵያ የሙከራ ጊዜ ስንት ቀን ነው?» አልኩት። «45 ቀን» አለኝ፣ አዋጅ ቁጥር 377/1996ን ጠቅሶ። ልክ ነበር፣ እስከ 2011 ዓ.ም.። ዛሬ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም ይላል። የ50ኛው ቀን ላይ የተሰናበተ ሠራተኛ ይዛችሁ ከሆነ ልዩነቱ ክሱ ራሱ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ሌላ ጣጣ ነው። በአማርኛ 1156/2011፣ በእንግሊዝኛ 1156/2019 የሚባለው አንድ አዋጅ ነው። ማሽኑ አንዳንዴ ሁለት ያደርጋቸዋል። አንድ ጊዜ እንዲያውም «የ2019ኙ የ2011ዱን ሽሮታል» ብሎ በትዕግሥት አስረድቶኛል።

የንግድ ሕጉም ወጥመድ አለው። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የ1952ቱን ሕግ ተክቷል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ማጓጓዝ፣ ስለ ቼክና መሰል ሰነዶች የሚደነግገው የድሮው ክፍል አሁንም ሥራ ላይ ነው። ማሽኑ «ተሽሯል» ወይም «አልተሻረም» ብሎ በአንድ ቃል ከመለሰ ሁለቱም ስሕተት ነው።

ክልልን መርሳትም አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ብዙዎቹ ክልሎች የራሳቸው አላቸው። ባሕር ዳር ያለ ጠበቃ የሚያስፈልገው የአማራ ክልል የሕግ ጋዜጣ ዝክረ ሕግ ላይ ነው፤ አዳማ ያለው የሚፈልገው የኦሮሚያው መገለታ ኦሮሚያ ላይ። ማሽኑ ሳትነግሩት ይህን አይለይም፤ ብትነግሩትም ሕጉን አንብቦት ላያውቅ ይችላል።

### አማርኛው ምን ያህል ነው?

ሁለት ነገር ለዩ። መጻፍና ማንበብ።

በመጻፍ በኩል ትልልቆቹ ማሽኖች ተሻሽለዋል። ደብዳቤ ይጽፋሉ። የችሎት አማርኛ ላይ ሲደርሱ ግን ይንሸራተታሉ። «የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ» ማለት ሲገባቸው «ቅድመ ተቃውሞ» ይላሉ። የአሜሪካውን «ሞሽን» (ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ጥያቄ) ቃል በቃል «እንቅስቃሴ» ብሎ የተረጎመ አጋጥሞኛል። ዳኛ ፊት «እንቅስቃሴ አቅርበናል» ብላችሁ አስቡት።

በማንበብ በኩል ያለው ችግር ከማሽኑ ይልቅ የፋይሎቻችን ነው። ከቴሌግራም ቻናል የምናወርዳቸው አዋጆችና ፍርዶች ብዙዎቹ ስካን ናቸው፤ ፎቶ ማለት ነው። አዋጆች የሚታተሙበት ነጋሪት ጋዜጣ ደግሞ ሁለት ዓምድ አለው፣ አንዱ አማርኛ አንዱ እንግሊዝኛ። ማሽኑ መስመር እያሻገረ ካነበበው የአንቀጽ 5ን አማርኛ ከሌላ አንቀጽ እንግሊዝኛ ጋር ይሰፋዋል። በፓወር ግዕዝ ወይም በሌላ የድሮ ፎንት የተተየበ ፋይል ከሆነ ደግሞ ስክሪን ላይ ቆንጆ አማርኛ ይታያል፤ ኮፒ ስታደርጉት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይወጣል። ማሽኑ የሚያየው ያንን ኮተት ነው። የሚገርመው፣ አላነበብኩም አይልም። ርእሱን አይቶ ይዘቱን ይፈጥረዋል።

መላው ቀላል ነው። ፋይሉን ከፍታችሁ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛ ከወጣ ደኅና። ካልወጣ ለማሽኑ አትስጡት፤ ወይም አስተይቡት።

የነጋሪት ጋዜጣው ሁለት ዓምዶች ከተለያዩ የሚጸናው የአማርኛው ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1987። ማሽኑ በልማድ ወደ እንግሊዝኛው ያዘነብላል፤ እናንተ አታዘንብሉ።

### ዋጋና አከፋፈል

የታወቁት የግል አካውንቶች (ቻትጂፒቲ፣ ክሎድ፣ ጀሚናይ) የተለመደው ክፍያቸው በወር ወደ 20 ዶላር ነው። በዛሬ ምንዛሪ ከ2 ሺህ 500 ብር ይበልጣል። ዋጋው ብቻ አይደለም፤ መክፈያው ራሱ ራስ ምታት ነው። የውጭ ምንዛሪ የተሞላ ካርድ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አሜሪካ ያለች እህቱን ያስቸግራል። ይህ ይሠራል፤ ግን አካውንቱ በማን ስም እንደሆነና የይለፍ ቃሉን ማን እንደያዘ አስቡበት። የደንበኞቻችሁ ጉዳይ በእህታችሁ አካውንት ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

### ለማጣራት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ይህን ማንም አይቆጥረውም። ማሽኑ በ2 ደቂቃ መልስ ጻፈላችሁ እንበል። የጠቀሳቸውን ሰባት አንቀጾችና ሦስት የሰበር ውሳኔዎች ለማረጋገጥ 3 ሰዓት ከወሰደባችሁ ያተረፋችሁት ነገር የለም። «ይህ ያለው ገጽ 14 ላይ ነው» ብሎ ቦታውን የሚያሳያችሁ መሣሪያ ከረቂቁ ውበት በላይ ዋጋ አለው።

ኔትና መብራት ደግሞ ታውቃላችሁ።

## አማራጮቹ

### 1. ነጻ ቻት

ሁላችንም የጀመርነው እዚህ ነው። ለደብዳቤ፣ ለእንግሊዝኛ ማስተካከያ፣ «ይህን ሐረግ ቀለል አድርገህ ጻፈው» ለማለት በቂ ነው። የችሎት ዝግጅት ላይም ጎበዝ ነው፦ ስም ሳትጠሩ ክርክራችሁን ንገሩትና «የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ሆነህ አጥቃኝ» በሉት። ያላሰባችሁት ቀዳዳ ያሳያችኋል።

ምስጢር ላይ ግን ደካማ ነው። ነጻ አገልግሎቶች በአብዛኛው ያስገባችሁትን ለማሠልጠኛ የመጠቀም መብት ይወስዳሉ፤ መዝጊያው ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ ፈልጋችሁ ዝጉት። ሌላም ነገር አለ። ማሽኑ ጽሑፍን የሚቆጥረው በቁርጥራጭ ነው። የግዕዝ ፊደል ከላቲን ይልቅ ብዙ ቁርጥራጭ ይፈጃል። ስለዚህ በአማርኛ ስትሠሩ ነጻው ኮታ ቶሎ ያልቃል፤ ረጅም ሰነድም መሐል ላይ ይረሳል።

### 2. የሚከፈልበት አካውንት

እዚህ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አሉ፤ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። የ20 ዶላሩ *የግል* አካውንት የተሻለ ማሽንና ሰፊ ኮታ ይሰጣችኋል። የምስጢር ውሉ ግን ከነጻው ብዙም ላይርቅ ይችላል፤ መክፈላችሁ ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም። *የድርጅት* አካውንቱ ሌላ ነው። ያስገባችሁትን ለማሠልጠኛ እንደማይጠቀም በውል ያስራል፣ የሠራተኛ አካውንት መቆጣጠሪያም ይሰጣል። በአንድ ሰው ከግሉ ትንሽ ሊወደድ ይችላል፤ ዝቅተኛ የተጠቃሚ ቁጥር የሚጠይቅም አለ።

ምክሬ አጭር ነው፦ የደንበኛ ሰነድ ልታስገቡ ከሆነ የግሉን ዝለሉት። ወይ ድርጅቱን ክፈሉ፣ ወይ በነጻው ምስጢር የሌለበትን ሥራ ብቻ ሥሩ።

### 3. የሰጣችሁትን ሰነድ ብቻ የሚያነብ

ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው ይህ ነው። ታዋቂው የጉግል ኖትቡክ ኤልኤም ነው፤ ሌሎቹም «ፕሮጀክት» በሚል ስም የሚቀራረብ ነገር አላቸው። ለኖትቡክ ኤልኤም ሰነዶቻችሁን ትሰጡታላችሁ፤ እሱ ከእነሱ ውስጥ ብቻ ይመልሳል። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ቁጥር ያስቀምጣል። ቁጥሩን ስትነኩት የሰነዱ ቦታ ይከፈታል። ነጻው ኖትቡክ ኤልኤም በአንድ ደብተር (የሰነድ ስብስቡን እንዲህ ነው የሚለው) እስከ 50 ሰነድ ይቀበላል።

ለኢትዮጵያ ጠበቃ ይህ ለምን ይለያል? የኛ ችግር ማሽኑ ሕጋችንን አለማወቁ ነው ብለናል። እንግዲህ ሕጉን እኛው እንስጠው። አዋጅ፣ ደንብ፣ የሰበር ቅጽ የሕዝብ ሰነዶች ናቸው፤ ምስጢር የለባቸውም። አንድ «የሥራ ክርክር» ደብተር ክፈቱ። አዋጅ 1156/2011ን፣ አግባብ ያላቸውን የሰበር ውሳኔዎች፣ መመሪያዎቹን ክተቱበት። የደንበኛችሁን ስም ሳትጠሩ ጥያቄውን ጠይቁ። የሰበር ውሳኔዎቹ ራሳቸው ካልጠቀሱት በቀር የ377/1996ን ነገር አያነሣም፤ አልሰጣችሁትማ።

አሁን ጉዱን ልንገራችሁ። የሰበር ውሳኔ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ የሥር ፍርድ ቤቶች ያሉት ይተረካል። ከዚያ የአመልካች ቅሬታ፣ የተጠሪ መልስ። የችሎቱ የራሱ ሐተታ የሚመጣው በኋላ ነው። አንድ ቀን በማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ላይ የተሰጡ ውሳኔዎችን ሰጥቼው፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ ውል ምን ውጤት አለው ብዬ ጠየቅሁት። ጥርት ያለ መልስ ሰጠኝ። ቁጥሩንም አስቀመጠ። ነካሁት። ገጹ ተከፈተ። ያነበብኩት ግን የችሎቱን አቋም ሳይሆን የአመልካቹን ቅሬታ ነው፤ ችሎቱ ከሁለት ገጽ በኋላ ውድቅ ያደረገውን። ጥቅሱ እውነት ነው፣ ገጹ ልክ ነው፣ መደምደሚያው ተገልብጧል። ቁጥሩን ባልነካው ኖሮ መልሱን ይዤ ችሎት እቀርብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬን ለውጫለሁ። «ችሎቱ ምን አለ?» አልልም። «በፍርድ ክፍሉ ውስጥ ብቻ ያለውን፣ ቃል በቃል ጥቀስልኝ» እላለሁ። ስሕተቱ ቀንሷል፤ አልጠፋም። ደግሞ ሰበር አቋሙን ሊለውጥ ይችላል። ደብተሩ ውስጥ ያላስገባችሁትን አዲስ ውሳኔ ማሽኑ ከየት ያመጣዋል?

### 4. ለሕግ ሥራ ተብለው የተሠሩ

ሃርቪ፣ የቶምሰን ሮይተርስ ኮካውንስል፣ የሌክሲስ ኤአይ። ስማቸው ትልቅ ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ ፍርዶችን የያዘ ትልቅ ማኅደር ከኋላቸው አለ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. 2024 የሌክሲስንና የቶምሰን ሮይተርሱን ዌስትሎው መሣሪያዎች ፈትነው ከ6 ጥያቄ ቢያንስ በ1ዱ የተሳሳተ ነገር እንዳገኙ ጽፈዋል። ከተራ ቻት ይሻላሉ፤ ከስሕተት ግን አልዳኑም።

ልደታ ለሚውል ጠበቃ ማኅደራቸው አይረባም። እኔ እስከማውቀው እዚያ ውስጥ የኢትዮጵያ ሰበር የለም። ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት፣ የብድር ስምምነት፣ የውጭ ባለሀብት ውል በእንግሊዝ ሕግ የሚሠራ ቢሮ ካላችሁ ግን ዋጋውን ጠይቁ። ሌሎቻችን እንለፍ።

### 5. ላፕቶፕ ላይ የሚጫን

ኦላማ ወይም ኤልኤም ስቱዲዮ በሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች እንደ ጄማ፣ ላማ፣ ኩዌን ያሉ ክፍት ሞዴሎችን ኮምፒውተራችሁ ላይ መጫን ትችላላችሁ። ከዚያ ኔት ንቀሉት፤ ይሠራል። ምስጢር ላይ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ሰነዱ ከቢሮ አይወጣም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ትንንሾቹን ሞዴሎች ይሸከማል፣ ቀስ እያለ።

አማርኛው ግን... የትንንሾቹ ሞዴሎች አማርኛ ይሰባበራል። የእንግሊዝኛ ውል ለማሳጠር፣ ከኢሜይል ክምር የቀን ቅደም ተከተል ለማውጣት ይረዳል። ለመልስ መጻፊያ አትሞክሩት። ኮምፒውተር የሚወድ ሰው ቢሮ ውስጥ ከሌለ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ትተዉታላችሁ።

### 6. ጀማሪዋ ልጅ

ሦስተኛው ባልደረባዬ አልቀለደም። ማሽን መዝገብ ቤት ሄዶ ትእዛዝ አይገለብጥም። ደንበኛው የደበቀውን ከፊቱ አያነብም። «ይህን አላገኘሁትም» ብሎ አያፍርም። ጀማሪ ባለሙያ ታፍራለች፤ ስለዚህም አትፈጥርም። ደመወዟ ከየትኛውም አካውንት ይበልጣል፤ ስለዚህ ይህን እንደ ምትክ ሳይሆን እንደ አጣማጅ እዩት። ማሽኑ ያወጣውን እያንዳንዱን ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር የምታመሳክረው እሷ ናት።

## በአንድ ዕይታ

| አማራጭ | ምስጢር | የኢትዮጵያ ሕግ | አማርኛ | ዋጋ | ለምን ይሆናል? |
|---|---|---|---|---|---|
| ነጻ ቻት | ደካማ | አይታመንም | ደኅና | 0 | ደብዳቤ፣ የክርክር ልምምድ |
| የግል ክፍያ | ሴቲንጉን ካልዘጋችሁ ደካማ | አይታመንም | የተሻለ | ወደ 20 ዶላር በወር | ረጅም ረቂቅ፣ ምስጢር የሌለበት |
| የድርጅት አካውንት | በውል የታሰረ | አይታመንም | የተሻለ | በሰው ይቆጠራል | የደንበኛ ሰነድ፣ በፈቃድ |
| ሰነዳችሁን የሚያነብ | እንደ አካውንቱ ዓይነት | እናንተ እንደሰጣችሁት | ፋይሉ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ | ከ0 ይጀምራል | ሕግና ሰበር ፍለጋ |
| ለሕግ የተሠራ | ጠንካራ | የለውም | ሥራው አይደለም | ውድ | የውጭ ሕግ፣ ግልግል ዳኝነት |
| ላፕቶፕ ላይ | ከሁሉ የበለጠ | አይታመንም | ደካማ | የላፕቶፑ ዋጋ | ምስጢራዊ የእንግሊዝኛ ሰነድ |
| ጀማሪ ባለሙያ | በሙያ ግዴታ | መጽሐፉን ትከፍታለች | የችሎት አማርኛ | ደመወዝ | ማጣራት፣ መዝገብ ቤት |

## ለማን የቱ?

ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ። አትክፈሉ፣ ገና ነው። ነጻ ቻት ለቋንቋ፣ ነጻ ደብተር ለሕግ። የደንበኛን ሰነድ በሁለቱም ላይ አታስገቡ። ስም መሰረዝ ብቻውን እንደማይበቃም አስታውሱ፤ የካርታ ቁጥር፣ የመዝገብ ቁጥር፣ «በቦሌ ያለው ባለ 12 ፎቅ ሕንጻ» የሚለውም ሰውን ያጋልጣል።

ከሦስት እስከ አሥር ባለሙያ ያለው የጥብቅና ድርጅት። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ድርጅት መመሥረትን ከፈቀደ ወዲህ እንዲህ ያሉ ቢሮዎች በዝተዋል። የድርጅት አካውንት ውሰዱ። ከዚያ በፊት ግን ከደንበኛ ጋር የምትፈርሙት ውል ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ ምን እንደምትጠቀሙ፣ ምን እንደማታስገቡ። «የለም፣ የኔን አታስገቡ» የሚል ደንበኛ ይኖራል፤ መብቱ ነው። ጀማሪዎቹ በየግል ስልካቸው የሚሠሩትን ካላወቃችሁ የምትከፍሉት ገንዘብ ዋጋ የለውም።

የመሥሪያ ቤት ወይም የባንክ ነገረ ፈጅ። ውሳኔው የእናንተ ብቻ አይደለም። አይቲ ክፍሉንና ኃላፊውን ጠይቁ። ውሎቻችሁ በእንግሊዝኛ ከሆኑና ምስጢሩ ከበዛ ላፕቶፕ ላይ የሚጫነው እዚህ ያዋጣል፤ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰውም አላችሁ።

የዩኒቨርሲቲ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል። በተደጋጋሚ የሚመጡት ጉዳዮች ቀለብ፣ ውርስ፣ የሥራ ስንብት ናቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ደብተር ይበቃል። ተማሪዎቹ ቁጥሩን ነክተው ገጹን ሳያነቡ መልስ እንዳይሰጡ ብቻ አድርጉ።

አሜሪካ ያላችሁ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ጁላይ 2024 ባወጣው አስተያየት ቁጥር 512 ምስጢርን፣ ለደንበኛ ማሳወቅን፣ ክፍያን ሳይቀር ዘርዝሯል። ማሽኑ በ10 ደቂቃ የጨረሰውን 3 ሰዓት ብሎ ማስከፈል አይቻልም። የጥገኝነት ጉዳይ የያዛችሁ ደግሞ የአማርኛ ሰነድ በማሽን አስተርጉማችሁ ብቻ አትላኩ። ኢሚግሬሽን የሚቀበለው ተርጓሚው ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ ለመተርጎምም ብቁ መሆኑን አረጋግጦ የፈረመበትን ነው። ማሽን አይፈርምም።

አንድ ነገር ለሁላችሁም። አሁን አሁን ደንበኛው ራሱ «ይኸው ሕጉ» ብሎ ከቻት ያተመውን ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ጁን 2025 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባየው አንድ ጉዳይ ከቀረቡት 45 ጥቅሶች 18ቱ የሌሉ ፍርዶች ነበሩ። ፍለጋውን የሠራው ደንበኛው ነበር፤ ጠበቃው አምኖ ወሰደው። ወቀሳው ግን ለጠበቃው አልቀረለትም።

## የሩብ ሰዓት ፈተና

ከመክፈላችሁ በፊት መልሱን በቃላችሁ የምታውቁትን ጠይቁት።

- የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ ስንት ነው? 14 ካለ በአሮጌው አዋጅ ላይ ነው። 16 የሥራ ቀን ማለት አለበት።
- አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል? «ቢያንስ ሁለት» ካለ የ1952ቱን እያነበበ ነው።
- ስለ ቼክ የሚደነግገው የንግድ ሕግ ክፍል ተሽሯል? «አልተሻረም» ማለት አለበት።
- ራሳችሁ የፈጠራችሁትን አንድ የሌለ የሰበር መዝገብ ቁጥር ስጡት። «ይህን አላገኘሁትም» ካለ አክብሩት። ጭብጡን፣ አመልካቹንና ውሳኔውን ከዘረዘረላችሁ ካርዳችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።

በመጨረሻ ያ የልደታው ባልደረባዬ አራተኛውን ጥያቄ ሞከረ። ማሽኑ የሌለ የውርስ ክርክር፣ ከነወንድምና እህቶቹ፣ አደራጅቶ አቀረበለት። 20 ዶላሩን ተወው። የስድስት ወር ክፍያ ያህሉን አስልቶ ስካነር ገዛ። አሁን የሰበር ቅጾቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ንጹሕ ፋይል እያደረገ ነው። ቅጽ 9 ላይ ደርሷል። ሲጨርስ ፋይሉን እንዲሰጠኝ ለምኜዋለሁ፤ ምሳ ጋብዘኝ ብሏል።